ሃፍ ላይፍ
ሃፍ ላይፍ፣ ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር የወጣ፣ ሳይንሳዊ ልብ ወለድን መሠረት ያደረገ የውጊያ ጨዋታ ነው። በኒው ሜክሲኮ በረሃ በሚገኘው ብላክ ሜሳ በተሰኘ ምናባዊ የምርምር ተቋም የተደረገው ሙከራ ወደ ሌላ ዓለም የሚያገባውን በር በከፈተ ጊዜ፣ ተጫዋቹ ጎርደን ፍሪማን የተባለውን የፊዚክስ ሊቅ ሆኖ፣ በግራ እጁ የቁልፍ ሰሌዳውን እየነካ ሲራመድ፣ በቀኙም በማውስ እያነጣጠረ ሲተኩስ፣ ከዚያ ከፈለሱት አስፈሪ ፍጡራንና ምስጢሩን ይሰውሩ ዘንድ ከተላኩት ወታደሮች ጋር ይዋጋል። የመጀመሪያ መሣሪያው ግን፣ ለሊቅ የማይመጥን ቢመስልም፣ አንድ መፈልቀቂያ ብረት ነው። ጨዋታው ከቀደምት የውጊያ ጨዋታዎች እጅግ የሚለየው በአተራረኩ ሲሆን፣ ታሪኩን ለመግለጽ ጨዋታውን አቋርጦ ፊልም አያሳይምና፣ ነገሩ ሁሉ በፍሪማን ዓይን ፊት ይፈጸማል፤ እርሱም ከጥንቱ እስከ ፍጻሜው በአርምሞ ጸንቶ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሁለተኛው ክፍል በ2004 እ.ኤ.አ. ወጣ።