የአባጆራ ልብስ መቀየር

አባጆራ የአምፖል ብርሃን ዐይን እንዳይወጋ የሚያለዝብና ወደሚፈለግበት አቅጣጫ የሚመራ ክዳን ነው። ስሙ ከፈረንሳይኛው አባ ዡር የመጣ ሲሆን ፍቺውም ብርሃንን ወደ ታች የሚያወርድ ማለት ነው። በአማርኛ ብዙ ጊዜ ሙሉውን መብራት ከነእግሩ እንጠራበታለን፤ እዚህ ግን የሚወራው ስለ ክዳኑ ብቻ ነው። ልብሱን መቀየር ማለት ያረጀውን ጨርቅ ከሽቦ አጽሙ ላይ ገፍፎ አዲስ ማልበስ ነው። ሥራው ብዙውን ጊዜ ከመጋረጃና ከሶፋ ልብስ ጋር ተደምሮ እንደ ቤት ማስዋቢያ ይታያል። ይህ አመዳደብ ግን ጨርቅ መራጩን ያሳስታል። ሶፋ የሚታየው ብርሃን ፊቱ ላይ ሲያርፍ ነው፤ ለአባጆራ ግን ብርሃኑ ከጀርባ መጥቶ በድርና ማጉ መካከል ያልፋል። ስለዚህ ጨርቁ መመዘን ያለበት ከበራ አምፖል ፊት ተይዞ እንጂ በሱቅ መደርደሪያ ላይ በሚያሳየው መልክ አይደለም።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሳሳ ያለ ጥጥ፣ የተልባ እግርና ሐር ብርሃኑን በትነው ክፍሉን በሙሉ ያዳርሳሉ፤ ከፈይ ግን ያፍነውና ከላይና ከታች ባለው ክፍት ብቻ እንዲወጣ ያስገድደዋል። ቀለምም እንዲሁ ነው። ቀይ ጨርቅ በአብዛኛው ቀዩን ብርሃን ብቻ ስለሚያሳልፍ ግድግዳውንም የተቀመጠውንም ሰው ያቀላል፤ ሰማያዊው ደግሞ ቢጫ ብርሃን ባለው አምፖል ላይ ሲደረግ፣ ከአምፖሉ የሚወጣው ሰማያዊ ጥቂት ስለሆነ፣ ደብዝዞ ይጠቁራል። የአገራችን የእጅ ሸማ ይህን ከሁሉ አጉልቶ ያሳያል። የነጠላው ነጭ መደብ ሲበራ የክሩን አለመተካከል ሳይቀር እያሳየ ደስ በሚል ልስላሴ ይፈካል፤ ጥበቡ ግን ተጨማሪ ክር የተጠቀጠቀበት ስለሆነ፣ በቀን ያማረው ቀለሙ ማታ ጥላ ይሆናል። ነጠላ ሁለት ንብብር፣ ጋቢ አራት ነውና፣ የጋቢ ጨርቅ ሳይተረተር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አባጆራ ከጥንትም ጌጥ ነው፤ ባለቤቱ ቀን ቀን የሚያየውን ውበት መምረጡ ምን ነውር አለው? የሚል ይኖራል። ጌጥነቱ አይካድም። ነገር ግን ክዳኑ ከሁሉ በፊት የብርሃን መሣሪያ መሆኑን የዴንማርኩ አርክቴክት ፖል ሄኒንግሰን በ1926 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ባለሦስት ክዳን መብራት አሳይቷል፤ ክዳኖቹን የቀረጻቸው አምፖሉ በቀጥታ ዐይን ውስጥ ሳይገባ ብርሃኑ እንዲዳረስ አስልቶ ነው። የመብራቱ ውበትም ከዚሁ ስሌት የተወለደ ነው። ጥበብ ለሚወድ ሰውም መፍትሔው ጥበቡን መተው አይደለም፤ ጥላ እንደሚሆን አውቆ በታችኛው ጠርዝ ላይ እንደ መቀነት ማዋል ነው።

እዚህ ላይ የሽቦው ቅርጽ ይገባል። ወጥ ክብ አባጆራ ሲዘረጋ አራት ማዕዘን ነው፤ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዙሪያው 94 ያህል ስለሚመጣ ለመደራረቢያ 2 ጨምሮ 96 መቁረጥ ይበቃል። ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ያለው ግን ሲዘረጋ ቀስት ይሆናል። የላዩ ወርድ 20፣ የታቹ 40፣ ሰያፍ ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከአንድ ነጥብ ተነስቶ በ50ና በ25 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ሁለት ቅስቶች ይሰመሩና 144 ዲግሪ ያህሉ ይቆረጣል። ቀጥ ብሎ የተሸመነ ጥበብ ከዚህ ቀስት ጋር አይሄድም፤ ከጠርዙ ጋር መጓዝ ትቶ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የጥበብ መቀነት ያለው ጨርቅ የወጥ ክብ ነው። ጨርቁ ሽቦው ላይ ተወጥሮ በመርፌ በሚሰፋበት አሠራር ደግሞ በሰያፍ፣ በ45 ዲግሪ፣ መቁረጥ ይሻላል፤ ሽመና በሰያፍ ሲሳብ ይለጠጣልና።

አዲሱን ጨርቅ በአሮጌው ላይ መደረብ ድካም ይቀንሳል የሚለው ምክርም በብርሃን ፊት አይቆምም። ሥር ያለው እድፍና ቢጫነት መብራቱ ሲበራ ተመልሶ ይወጣል። አሮጌው ተገፎ፣ የሽቦው ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ እንደገና እንዳይዝግና ጨርቁን እንዳያቆሽሽ ቀለም ሊቀባ ይገባል። ኤልኢዲ አምፖል ስለመጣ የሙቀት ነገር አያሳስብም የሚሉት ግን ግማሽ እውነት ይዘዋል። ባለ 60 ዋቱ የድሮ አምፖል የሚበላውን ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ሙቀት ያደርገዋል፤ ኤልኢዲ ተቀራራቢ ብርሃን በ9 ዋት ገደማ ይሰጣል። ሆኖም ኤልኢዲም ይሞቃል፤ በታፈነ ክዳን ውስጥ ዕድሜው ያጥራል። ነገ ሌላ ሰው የድሮውን አምፖል ሊያስገባበትም ይችላል። ስለዚህ ጨርቁ አምፖሉን ሊነካ አይገባም፤ የላይኛው ክፍት አይደፈንም፤ በአምፖል መያዣው ላይ የተጻፈው የዋት ልክ አይታለፍም። የኤሌክትሪክ ሽቦው ላስቲክ የተሰነጠቀ መብራት ደግሞ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ሠሪ ይየው።

አዲስ መግዛት አይረክስም ወይ ለሚለው መልሱ በአጽሙ ይወሰናል። የተጣመመ ወይም ብየዳው የለቀቀ ከሆነ ድካሙን ባያወጣም፣ ደህና ከሆነ ግን የሚያልቀው ልብሱ ብቻ ነው። ጥሩ ሸማ መቁረጥ ያሳዝናል የሚለውን ሥጋት በሙሉ ልብ እጋራለሁ፤ ዳሩ የነተበ፣ ከእንግዲህ የማይለበስ ነጠላ መሃሉ ደህና ከሆነ ለአንድ አባጆራ ይተርፋል። ከመቁረጥ በፊት ጨርቁን በስፒል ሽቦው ላይ አስይዞ፣ ማታ አምፖሉን አብርቶ፣ ከተቀመጡበትም ከቆሙበትም ማየት ነው፤ መደራረቢያው እንደ ጥቁር መስመር የሚታየው ያኔ ነውና፣ ወደ ግድግዳው የሚዞረው ጎን በዚያው ምልክት ይደረግበታል።