ለማርስ ጥናት መፈተኛ የሆነው ዳሎል

ማርስ ላይ የተበላሸን መሣሪያ ሄዶ የሚጠግን ባለሙያ የለም። በመሆኑም ተመራማሪዎች መሣሪያዎቻቸውንም ሆነ የምርመራ ዘዴያቸውን አስቀድመው የሚፈትኑት በመልክዓ ምድራቸው ወይም በኬሚካዊ ጠባያቸው ሌሎች ፕላኔቶችን በሚመስሉ የምድር ሥፍራዎች ነው።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 የአሜሪካ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች አሪዞና ውስጥ 47 ጉድጓዶችን በፈንጂ ከፍተው የጨረቃን ገጽ የሚመስል ሜዳ አዘጋጅተዋል፤ የአፖሎ ጠፈርተኞችም ተለማምደውበታል። በሞስኮ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2011 ስድስት ሰዎች ለ520 ቀናት ተዘግተው በመቆየት የማርስ ጉዞ በአእምሮና በአካል ላይ የሚያደርሰው ጫና ተጠንቷል።

በአፋር ክልል የሚገኘው ዳሎል ለዚህ ተግባር ከሚፈለጉት ሥፍራዎች አንዱ ነው። ፍልውኃዎቹ ከ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሚሞቁ፣ እጅግ ጨዋማና አሲድ የበዛባቸው ሲሆኑ፣ የአንዳንዶቹ ፒኤች ከዜሮ በታች ይወርዳል። ኦፖርቹኒቲ የተሰኘችው ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሲዳማ ውኃ ውስጥ የሚፈጠር ማዕድን ማርስ ላይ ማግኘቷ ንጽጽሩን ያጠናክረዋል።

ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡ ሁለት ጥናቶች ዳሎልን በተመለከተ ተቃራኒ መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል። በስፔናዊው ፌሊፔ ጎሜዝ የተመራው ቡድን በጣም ጥቃቅን የሆኑ የረቂቅ ተሕዋስያን ምልክቶች አግኝቻለሁ ሲል፣ ፈረንሳይ የሚሠሩት ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያና ባልደረቦቻቸው በበኩላቸው በጣም አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት የለም ብለዋል። እንደነርሱ ጥናት፣ አንዳንድ የማዕድን ቅንጣቶች በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ሕዋስ ይመስላሉ፤ የሚገኘው ዲ.ኤን.ኤም በነፋስ ወይም በሰው ንክኪ ከሌላ ቦታ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ክርክሩ ከዳሎል አልፎ ማርስ ላይ የሚታየው ምልክት ምን ያህል ይታመናል የሚለውን ጥያቄ ያስነሣል። እ.ኤ.አ. በ2025 ናሳ፣ ፐርሲቪየረንስ ከማርስ ዓለት በወሰደችው ናሙና ላይ የጥንት ሕይወት አሻራ ሊሆን የሚችል ምልክት መታየቱን አስታውቋል። ውኃ ባለበት ሁሉ ሕይወት እንደማይኖር፣ ሕዋስ የመሰለ ሁሉም ሕዋስ እንዳልሆነ ዳሎል ያስተምራል።

የምድር አምሳያዎች ግን ሁሉንም አይተኩም። የማርስ የስበት ኃይል ከምድር 38 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ይህንንና የጠፈርን ጨረር ዳሎልም ሆነ አሪዞና ሊያሳዩ አይችሉም።