ከደወሉ በኋላ፦ የተማሪዎች ተጓዳኝ ሥራ በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ

ትምህርት በክፍል ውስጥ ብቻ ተጀምሮ የሚፈጸም ሥራ አይደለም። ተማሪው ከመምህሩ የተቀበለውን ቃል ወደ ራሱ ቃል የሚለውጠው፣ የሰማውን የሚፈትነው፣ ከባልንጀራው ጋር የሚወዳደረውና የሚተባበረው በአመዛኙ መደበኛው ትምህርት ካበቃ በኋላ ነው። ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ተጓዳኝ ሥራ» እየተባለ የሚጠራው የሥነ ጽሑፍ፣ የቲያትር፣ የሙዚቃ፣ የሳይንስና የስፖርት ክበብ ሁሉ የዚሁ ወገን ነው። ብዙ ሰው ይህን ልማድ ከዘመናዊ ትምህርት ጋር ከውጭ የገባ አድርጎ ይገምተዋል። በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ያለፈውን የትምህርት ታሪክ መለስ ብሎ የሚመለከት ግን ነገሩ ከዚያ የጠለቀ ሥር እንዳለው ይረዳል። ታሪኩ አንድ ጥያቄም ያስነሣል፤ ይኸውም ከተማሪዎች እጅ ከወጡት ሥራዎች አንዳንዶቹ ለትውልድ ሲተላለፉ ሌሎቹ ከጀማሪያቸው ጋር አብረው የጠፉት ስለ ምንድን ነው? የሚለው ነው።

ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠውን የጉና ተራራን ከብበው የሚገኙት ፋርጣ፣ እስቴና ጋይንት ከጥንት ጀምሮ የታወቁ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አገሮች ናቸው። በጋይንት ምድር ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ኖረዋል። ወደነዚህና ወደ አካባቢው ቅኔ ቤቶች ከሩቅ አገር የሚመጣው ተማሪ በሣር ጎጆ እያደረ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ቁራሽ እየለመነ፣ እንጨት እየለቀመ ይማር ነበር። በዚህ ሁሉ ድካም መካከል ግን የራሱን ሥራ ይሠራል። በቅኔ ቤት መምህሩ ዘርፈው ምሥጢሩን ከፈቱ በኋላ ተማሪው ወደ ጫካ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ወርዶ፣ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና፣ ቀጥሎ ሦስት ቤት ያለውን ዘአምላኪየ፣ እየበረታ ሲሄድም ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ለመሙላት ይጥራል። ሲመሽ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ ይታረምለታል።

በዚህ ሥርዓት ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ ተማሪው የሚመዘነው በቃሉ በያዘው ብቻ ሳይሆን በፈጠረውም ነው። ሁለተኛ፣ አስነጋሪው ራሱ ተማሪ ነው፤ ትናንት የተቀበለውን ዛሬ ለታናሹ ያቀብላል። መምህሩ ቢሞቱ ወይም ወደ ሌላ ደብር ቢዛወሩ እንኳ ጉባኤው የሚዘረጋው ከተማሪዎቹ መካከል ተተኪ ስለሚገኝ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በፎገራ፣ በናባጋ ጊዮርጊስ የተወለዱት የአለቃ ገብረ ሐና ታሪክ ነው። አለቃ በሕዝብ ዘንድ የሚታወቁት በቀልዳቸው ሲሆን ሊቅነታቸው በቀልዳቸው ተሸፍኖ ቀርቷል። እንደሚነገረው አዲሱን የአቋቋም ስልት የደረሱት የጣናን ማዕበልና በነፋስ የሚወዛወዘውን ደንገል ተመልክተው ነው። የመቋሚያው ዝማሜና የአካሉ እንቅስቃሴ ከነባሩ የተለየ በመሆኑ የጎንደር ሊቃውንት እንዳልተቀበሉት፣ ልጃቸው ተክሌ ግን ከአባቱ ተምሮ በደብረ ታቦር እንዳስፋፋው የቃል ታሪክ ያወሳል። ስልቱም እስከ ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» ይባላል። እንግዲህ ሥራው የተጠራው በደራሲው ሳይሆን በተማሪው ስም ነው። ሕዝቡ ስሙን ሲያወጣለት ዕውቀት የሚኖረው በተቀበለው ሰው መሆኑን መመስከሩ ይመስላል።

ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው በጋፋት የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በ1847 ዓ.ም. የነገሡት ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በዚያች ስፍራ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አሰፈሩ። ከነዚህ መካከል በስዊስ አገር ባዝል አጠገብ ካለው የክሪሾና ማሠልጠኛ ወጥተው፣ በኢየሩሳሌም በነበረው በጳጳስ ሳሙኤል ጎባት አማካይነት የመጡት እነ ዋልድማየር፣ ቤንደርና ሳልሙለር ይገኙባቸዋል። ሰዎቹ የመጡበት ዋና ዓላማ ወንጌልን ማስተማር ሲሆን የእጅ ሥራው መተዳደሪያና ደጋፊ እንዲሆን የታሰበ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አስቀድመው የፈለጉት እጃቸውን ነው። ስለዚህ በጋፋት ተጓዳኙ ሥራ ዋና ሆነ። የአገሩ ወጣቶችም ከንባብና ከጽሕፈት ጋር ብረት ማቅለጥን፣ መቀጥቀጥንና የእንጨት ሥራን ተማሩ። በ1859 ዓ.ም. 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ።

ይህ በዘመኑ የሚያስደንቅ ክንውን ነበር። ይሁን እንጂ ሥራው ሁሉ በአንድ ሰው ፈቃድና በአንድ ሰው ጭንቀት ላይ የቆመ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱና መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ ተጓዙ። ብዙ ወራት የፈጀው ጉዞ ለድል አላበቃም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ፤ አውሮፓውያኑም ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ። የጋፋት ምድጃም ጠፋ። የባለሙያዎቹ ስም በመጻሕፍት ሲገኝ፣ ከጎናቸው ቆመው ወናፍ የነፉትን፣ ከሰል የተሸከሙትንና ጥበቡን የቀሰሙትን ወጣቶች ስም የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ሁለቱን ስናነጻጽር የምናገኘው ልዩነት የሃይማኖትና የዓለማዊ ጥበብ ልዩነት አይደለም፤ የባሕልና የሥልጣኔም አይደለም። የተክሌ አቋቋም ያለ መድፍ፣ ያለ ግምጃ ቤት ሲኖር ጋፋት የጠፋችው አንደኛው በተማሪው እጅ፣ ሌላው በአዛዡ እጅ ስለነበረ ነው። አፄ ቴዎድሮስ የተመኙት ጥበብ ትክክለኛ ምኞት ነበር። የጎደለው አስነጋሪ ነው።

ይህ መለኪያ ለዘመናዊው ትምህርት ቤትም ይሠራል። ከጠላት ወረራ በፊት በአዲስ አበባ እነ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ተውኔት እየደረሱ በተማሪዎች ያሠሩ ነበር። የሴት ገጸ ባሕርይ እንኳ የሚጫወቱት ወንዶች ሲሆኑ፣ የኢትዮጵያ ቲያትር መሠረት ከተጣለባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው የትምህርት ቤት መድረክ ነው። ኋላም በአምቦ ትምህርት ቤት ገና በልጅነቱ ስለ ንጉሥ ዲዮኒሶስ የጻፈውን ተውኔት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ያሳየው ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ከአገሪቱ ታላላቅ ባለቅኔዎችና ጸሐፌ ተውኔቶች አንዱ ሆነ፤ ስለ አፄ ቴዎድሮስም ተውኔት ጻፈ። በደብረ ታቦር በንጉሡ ስም የተሰየመውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጨምሮ በየአውራጃው ከተማ የተከፈቱት ትምህርት ቤቶች የወላጆች በዓልን፣ የክፍል ለክፍል ግጥሚያንና የግድግዳ ጋዜጣን ለወጣቱ አስተዋወቁ። የቅኔ ቤቱ ደጅ እምብዛም ላልተከፈተላቸው ልጃገረዶችም ቦታ ሰጡ።

የተማሪው ከክፍል ውጭ ያለ ሥራ በአገር ስፋት የታየው በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ነው። 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን፣ ከነሱም የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ወደ ገጠር ተሠማሩ። ብዙዎቹ ፊደል አስቆጠሩ፣ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ከገበሬው ጋር ኖረው አገራቸውን ዐወቁ። ዘመቻው ግን በትእዛዝ የታወጀ ነበርና ተማሪው የራሱን ሐሳብ መናገር ሲጀምር ከአዛዦቹ ጋር ተጋጨ። በቀጠሉት ዓመታት ከዚያ ትውልድ አያሌው በእስርና በግድያ አለቀ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን አስተምሮ ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ፤ የንባብ መጽሐፍ በጠፋበት ቦታ ግን ያ የተገኘ ፊደል ተመልሶ ተረሳ። ክንውኑን አንክድም። የምንለው የጋፋት ትምህርት አሁንም ተደገመ ነው።

ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ክበብ አለ። ይሁንና ክበቡን የሚመራው ትጉህ መምህር ሲዛወር ክበቡ አብሮ ይዛወራል፤ ለወላጆች በዓል የተጻፈው ተውኔት አንድ ቀን ታይቶ ደብተሩ የትም ይወድቃል፤ የተሸለመው ግጥም ከጭብጨባው አያልፍም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሠተው ግጭት አያሌ ትምህርት ቤቶች በመዘጋታቸው ጉዳቱ ብሷል። በር በተዘጋ ጊዜ በመጀመሪያ የሚረሳው በመዝገብ ያልሰፈረውና ተተኪ ያልተዘጋጀለት ሥራ ነውና።

መድኃኒቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ክበብ ከታላላቆቹ ተማሪዎች አስነጋሪ ይሹም፤ የ12ኛ ክፍሉ ከመሰናበቱ በፊት ለ9ኛ ክፍሉ ያስረክብ። የተማሪዎች ተውኔት፣ ግጥምና የምርምር ጽሑፍ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ከነደራሲዎቹ ስም፣ በቋሚ መዝገብ ይቀመጥ። ሽልማት የሚሰጠው ለፈጠረው ብቻ ሳይሆን ላስተላለፈውም ይሁን። የጋፋት ወጣቶች ስም ሳይጻፍ አልፏል። አሁን በጉና ግርጌ የሚማረው ወጣት ግን ገና ብዕሩን እንደያዘ ነው፤ ስሙን ከሥራው ጋር አብሮ ማኖር በእኛ እጅ ነው።