የሻቶ ጋያር ግንብ ታሪክ

በፈረንሳይ አገር በኖርማንዲ፥ ከሴይን ወንዝ በላይ ባለው ገደል አፋፍ ላይ የቆመው የሻቶ ጋያር ግንብ ዛሬ ፍርስራሽ ነው። ያሠራው ልበ አንበሳ የተባለው የእንግሊዝ ንጉሥ ሪቻርድ ሲሆን፥ ሥራው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1196 እስከ 1198 ዓ.ም. ተፈጸመ። ሪቻርድ በ1199 ዓ.ም. ሞተ። በ1203 ዓ.ም. የፈረንሳይ ንጉሥ ዳግማዊ ፊልጶስ ግንቡን ከበበው። ስንቅ ባነሰ ጊዜ አዛዡ በግንቡ የተጠጉትን ባላገሮች አስወጣ። ፊልጶስ ፊተኞቹን አሳለፈ፤ ኋለኞቹን ግን ከለከለ። እነርሱም በሁለቱ ጦር መካከል በብርድና በራብ ተሠቃይተው ብዙዎቹ አለቁ። ግንቡም በ1204 ዓ.ም. ተያዘ፤ ኖርማንዲም በዚያው ዓመት ለፈረንሳይ ገባ። በ1599 ዓ.ም. ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ እንዲፈርስ አዘዘ። እኛ ከዚህ ታሪክ የምንማረው፥ ግንብ ምንም ቢጸና፥ ለተጠጋው ድኻ በሩን ከዘጋ አገር ጠበቀ እንደማይባል ነው።