የሴት ድመቶች ማኅበራዊ ኑሮ

የሴት ድመቶች ማኅበራዊ ኑሮ ማለት አንድ ቦታ አብረው የሚኖሩ እንስት ለማዳ ድመቶች (ፌሊስ ካቱስ) እርስ በርሳቸው ያላቸው ግንኙነት ነው። ድመት ብቸኛ እንስሳ ናት ተብሎ በሰፊው ይታመናል። ይህ በኢትዮጵያም ለምትገኘው ለቅድመ አያቷ፣ ለአፍሪካ የዱር ድመት፣ እውነት ነው። ለማዳዋ ድመት ግን ምግብ በአንድ ቦታ በብዛት ሲገኝ፣ ለምሳሌ በከብት በረት፣ በዓሣ አጥማጆች መንደር ወይም በቆሻሻ መጣያ አጠገብ፣ በመንጋ ትኖራለች። አደኑ ግን እንደ ድሮው የግል ነው፤ አይጧን እያንዳንዷ ለብቻዋ ትይዛለች።

== የመንጋው አባላት ==

የመንጋው እምብርት የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው፦ እናት፣ ሴት ልጆቿ፣ እኅቶቿና የእኅቶቿ ልጆች። ሴቷ ካደገች በኋላ ብዙ ጊዜ ከእናቷ ጋር ትቀራለች፤ ወንዱ ግን ለመራባት ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ርቆ ይሄዳል። ባዕድ ድመት ስትመጣ፣ ሴትም ብትሆን፣ ነባሮቹ ያባርሯታል።

== ግልገል ማሳደግ ==

የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ዴቪድ ማክዶናልድ የእርሻ ቦታ ድመቶችን ሲያጠና እናቶች አንዷ የሌላዋን ግልገል ስታጠባ ተመልክቷል። ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን በአንድ ጎሬ ቀላቅለው ያሳድጋሉ፤ አንዷ ለአደን ስትወጣ ሌላዋ ትጠብቃለች። አልፎ አልፎም አንዷ ስትወልድ ሌላዋ እንደ አዋላጅ ሆና እትብት ስትቆርጥና አራሱን ግልገል ስትልስ ታይታለች። ይህ መረዳዳት የሚጠቅምበት አንዱ ምክንያት ባዕድ ወንድ ድመቶች አንዳንድ ጊዜ ግልገሎችን ስለሚገድሉ ነው፤ ሁለት እናቶች ደግሞ ከአንዷ ይልቅ አጥቂን ይመልሳሉ። ጉዳትም አለው። በአንድ ጎሬ የተከማቹ ግልገሎች እንደ ፓንሉኮፔኒያ ያለ የቫይረስ በሽታ ከገባባቸው በቀላሉ ይጋባባቸዋል።

== ሰላምታና ሽታ ==

ወዳጅ ድመቶች ሲገናኙ ጅራታቸውን ቀጥ አድርገው ያነሣሉ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ይነካካሉ፣ ይተሻሻሉ። በተለይ ጭንቅላትና አንገት ላይ ይላላሳሉ። በዚህ ሽታቸው ይቀላቀላል። ሐኪም ቤት ውላ የተመለሰች ድመት የገዛ እኅቷ «ፍፍ» ብትልባት ሽታዋ ስለተለወጠ ሊሆን ይችላል።

== በሰው ቤት ==

የማይዛመዱ ሁለት ሴቶች አንድ ቤት ሲገቡ ዝምድና ስለሌለ መቻቻሉ ቀላል አይደለም። ጠብ ባይታይም አንዷ ሌላዋን መተላለፊያ ላይ ቁጭ ብላ በማፍጠጥ ከምግብ ልታስቀር ትችላለች፤ ይህን ባለቤቱ ብዙ ጊዜ አያስተውለውም። ስለዚህ ሳሕናቸውንና የመጸዳጃ አሸዋቸውን በተለያየ ክፍል ማስቀመጥ፣ አዲሷንም ለጥቂት ቀናት በር ዘግቶ በሽታ ብቻ ማለማመድ ይመከራል።