ሩጫና የመንፈስ ጽናት፦ ሞ ፋራህ

ሞ ፋራህ (እ.ኤ.አ. በ1983 የተወለደ) ከሶማሌላንድ የወጣ፣ ለብሪታኒያ የሮጠ የቀድሞ የረጅም ርቀት ሯጭ ነው። የትውልድ ስሙ ሁሴን አብዲ ካሂን ነው። አባቱ ሀርጌሳን ባፈራረሰው የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ሲገደሉ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው በሌላ ልጅ ስም ለንደን ተወስዶ በሰው ቤት ሕፃናት ይጠብቅ፣ ቤት ያጸዳ ነበር፤ ይህን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ አድርጓል። ለጥቂት ሰዓት ከዚያ ቤት የሚያርቀው ሩጫ ነበር።

አዘውትሮ መሮጥ ልብንና ትንፋሽን በልክ ያስጨንቃል፤ ሰውነት ደጋግሞ ሲረጋጋ ጭንቀትን መቻል ሊለምድ፣ ድብርትም ሊቀንስ ይችላል። የፋራህ ጽናት በውድድርም ታይቷል፦ እ.ኤ.አ. በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ፍጻሜ ከልምምድ ጓደኛው ከጌለን ረፕ ጋር ተነካክቶ መሬት ላይ ተዘረረ። ወዲያው ተነሥቶ ከመሪዎቹ ጋር ተቀላቀለና ወርቁን ወሰደ።

ሩጫ ብቻውን አዳነው ማለት ግን ልክ አይደለም። በልጅነቱ ምሥጢሩን ለስፖርት መምህሩ ለአለን ዋትኪንሰን ነገረው፤ መምህሩም ለማኅበራዊ አገልግሎት አሳውቆ ልጁ ወደ ሌላ የሶማሌ ቤተሰብ ተዛወረ።