ታይቶ ያልታመነው የጨጓራ ባክቴሪያ

የጨጓራ ሕመም በአገራችን ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ከመካከላችን የአንዱ ጓደኛችን አክስት ለብዙ ዓመት ቃር አላስተኛ እያላቸው ሌሊቱን ተቀምጠው ሲያነጉ ኖረዋል። አንዱ በርበሬውን ይተዉ ይላቸዋል፤ ሌላው ቡናውን ይቀንሱ ይላቸዋል፤ ሁሉም በአንድ ቃል ሐሳብ አያብዙ ይላቸዋል። እሳቸውም የተባሉትን ሁሉ ፈጽመው ሕመሙ ባልተዋቸው ጊዜ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አደረጉት። እኛ ስለዚህ ነገር መጻሕፍት ስንመለከት እንዲህ ያለው ምክር ከመንደር ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ተረዳን። በዓለም ታላላቅ ሐኪም ቤቶችም ብዙ ዘመን እንደ እውነተኛ ትምህርት ሲሰጥ የኖረ ነው። ታሪኩን ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት አንባቢዎች ለማቅረብ ያሰብነውም ስለዚህ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1910 ካርል ሽዋርዝ የተባለ ሐኪም፣ አሲድ በሌለበት ጨጓራ ቁስል እንደማይወጣ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ የሐኪሞች ዓይን በአሲድ ላይ ብቻ ሆነ። አሲዱን የሚያበርድ መድኃኒትና ወተት ይታዘዝ ነበር፤ የባሰበትም ሰው የጨጓራው ክፍል በቀዶ ጥገና ተቈርጦ ይወጣለት ነበር። በ1970ዎቹ ሲሜቲዲን የተባለው አሲድ ቀናሽ ክኒን በወጣ ጊዜ ብዙ ሰው ዕረፍት አገኘ። ዳሩ ግን ክኒኑ ሲቆም ቁስሉ ተመልሶ ይመጣ ነበር። በጨጓራ ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነበር፤ እንዲህ ባለ አሲድ ውስጥ ምን ሕይወት ያለው ነገር ይቈያል ይባል ነበርና።

የሚያስደንቀው ግን ባክቴሪያው ከዚያ አስቀድሞ ታይቶ መኖሩ ነው። ጁሊዮ ቢዞዜሮ የተባለ የኢጣልያ ሊቅ በ1893 በውሾች ጨጓራ ውስጥ ጠመዝማዛ ባክቴሪያዎችን አይቶ ጽፎ ነበር። በኋላም በሰው ጨጓራ ያዩ ነበሩ። በ1954 ግን ፓልመር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከ1,000 ከሚበልጡ ሰዎች ጨጓራ የተወሰደ ሥጋ መርምሮ ምንም አላገኘሁም አለ፤ ሌሎች ያዩትም ከአፍ የወረደ ነው ብሎ ደመደመ። ይህ ባክቴሪያ አጥርቶ የሚታየው በብር ማቅለሚያ ሲቀለም ነው፤ ፓልመርም በዚህ አልተጠቀመም ነበር። ሆኖም የመረመራቸው ሰዎች ቁጥር ብዙ ስለ ነበር ታመነና ፍለጋው ቀዘቀዘ።

በግሪክ አገር ደግሞ በሚሶሎንጊ ከተማ ዮአኒስ ሊኩዲስ የተባለ ሐኪም ከ1958 ጀምሮ የጨጓራ ቁስለኞችን በአንቲባዮቲክ ያክም ነበር። ለዚህ ሥራው በ1968 በ4,000 ድራክማ ተቀጣ። መድኃኒቱ ይሠራል እንጂ የሚገድለውን ነገር አውጥቶ ማሳየት ስላልቻለ የሚሰማው አጣ፤ በ1980ም ሞተ።

እሱ ከመሞቱ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1979፣ በአውስትራልያ በፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረን የተባለ ሐኪም በማይክሮስኮፕ ሲመለከት በተቈጣ የጨጓራ ሥጋ ላይ ብዙ ባክቴሪያዎች ተጣብቀው አየ። ባልደረቦቹ ስለ ተጠራጠሩት በብር ቀልሞ አሳያቸው። በ1981 ባሪ ማርሻል የተባለ ወጣት ሐኪም ተባበረው፤ በሚከተለውም ዓመት ከ100 ታማሚዎች ናሙና ወስደው ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ለማራባት ጀመሩ። ከ30 የሚበልጡ ታማሚዎች ናሙና ተሞክሮ ምንም አልበቀለም። የላቦራቶሪው ልማድ በሁለት ቀን ውስጥ ምንም ያላሳየውን ሳሕን መጣል ነበርና። በፋሲካ በዓል ግን ሳሕኖቹ ሳይነኩ 5 ቀን ያህል ቈዩ፤ ከበዓሉ መልስ ሲከፈቱ ባክቴሪያው በቅሎ ተገኘ። (የላቦራቶሪ መምህራችን ይህን ታሪክ ዕቃ ላለማጠብ ምክንያት እንዳናደርገው አስጠንቅቀውናል።) ከ100ዎቹ ታማሚዎች መካከል ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው አንጀት ላይ ቁስል የነበረባቸው 13 ሲሆኑ፣ በ13ቱም ባክቴሪያው ተገኘባቸው።

ተቃዋሚዎቹ ግን ባክቴሪያው ቁስሉን ተከትሎ የመጣ እንግዳ ቢሆንስ ብለው ጠየቁ። በእኛ አስተያየት ጥያቄው ተገቢ ነበር። ማርሻል በአሳማ ግልገሎች ሞክሮ አልሆነለትም። በ1984 ጨጓራው ጤነኛ መሆኑን አስቀድሞ አስመርምሮ፣ የባክቴሪያውን ብጥብጥ ራሱ ጠጣው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያስመልሰው ጀመር፤ ትንፋሹም ተበላሸ። በ10ኛው ቀን ሲመረመር ጨጓራው ተቈጥቶ ባክቴሪያው ሞልቶበት ተገኘ። ቁስል አልወጣበትም፤ ስለዚህ ያስረዳው ስለ ጨጓራ መቈጣት እንጂ ስለ ቁስል አልነበረም። የአሜሪካ የጤና ተቋም የሰበሰባቸው ሊቃውንት ባክቴሪያው ያለባቸው ቁስለኞች በአንቲባዮቲክ ይታከሙ ብለው የወሰኑት በ1994 ነው። ዋረንና ማርሻል በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ባክቴሪያውም ከ1989 ጀምሮ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይባላል።

አሁን የሚመረመረው ባክቴሪያው ራሱን ከአሲድ በሚያድንበት ብልሃት ነው። ዩሪያ የተባለውን ነገር አፍርሶ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያውም በዙሪያው ያለውን አሲድ ያበርድለታል። እንግዲህ ታማሚው ምልክት ያለበት ካርቦን የያዘ ዩሪያ ይጠጣና ወደ ከረጢት ይተነፍሳል፤ ምልክቱ በትንፋሹ ከተገኘ ባክቴሪያው አለ ማለት ነው። በሰገራም ይመረመራል፤ በቱቦ ከጨጓራ በተወሰደ ሥጋም እንዲሁ። በደም የሚደረገው ምርመራ ግን ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ብዙ ጊዜ አለ ስለሚል፣ መዳንን ለማወቅ አይረዳም።

ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ሲደመሩ ከሰዉ ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያውን እንደ ያዘ ያሳያሉ። አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም፤ ጨጓራውን ያመመውም ሁሉ በእሱ ምክንያት አይደለም፤ እንደ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችም ጨጓራን ያቈስላሉ። የተገኘበት ሰው አሲድ ቀናሽ ክኒን ከሁለት ወይም ከሦስት ሌሎች መድኃኒቶች ጋራ ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ 14 ቀን ነው። ክላሪትሮማይሲን በብዙ አገር እንደ ቀድሞው ስለማይሠራ፣ ቢስመዝ፣ ቴትራሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል ያሉበት ሕክምና እየተመረጠ መጥቷል። አፍን ስለሚያመርና ስለሚያቅለሸልሽ በሦስተኛው ቀን የሚተወው ሰው ብዙ ነው፤ የቀረው ባክቴሪያም መድኃኒቱን ይለምደዋል።

የጓደኛችን አክስት በሰገራ ተመርምረው ተገኘባቸው። እያቅለሸለሻቸውም 14ቱን ቀን ጨረሱ። እንደገና የሚመረመሩት መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ ነው፤ አሲድ ቀናሹንም ክኒን ከምርመራው 2 ሳምንት አስቀድመው ማቆም አለባቸው፤ ያለዚያ ባክቴሪያው ተዳክሞ ሳለ የለም ሊባል ይችላል። ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ሲላክ አራተኛው ሳምንት ገና አልሞላም ነበር።